ለእስክንድርያው ቀንህ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከረምህ? ይህን ያህል ድምፄን በማጥፋቴ ስንገናኝ ትወቅሰኛለህ፤ መልስም የለኝ። ለስብሰባ ካይሮ እንደምትመጣና አንድ ቀን ነፃ እንደምትሆን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። ያቺን ቀን ለእስክንድርያ ስጣት።

ባቡሩ ከራምሴስ ጣቢያ ይነሣል። መንገዱ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ ፈጣኑ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፣ ቀርፋፋው ከ3 ሰዓት ይበልጣል። የመመለሻውን ትኬት ከመሄጃው ጋር ቁረጥ፤ ቅዳሜ ማታ ወንበር የለም። ዓርብንም ተወው፣ እስከ ከሰዓት ብዙው ዝግ ነው። የፉርጎና የወንበር ቁጥር በዐረብኛ አኃዝ ነው የሚጻፈው፦ የእነሱ 5 ክብ ስለሆነ ዜሮ ይመስልሃል፣ ዜሯቸው ነጥብ ብቻ ናት፣ 6ቱን ደግሞ 7 ብለህ ታነበዋለህ። የሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ መጨቃጨቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሲዲ ጋብር ላይ ብዙ ሰው ሲወርድ እንዳትነሣ፤ ያንተ መውረጃ የመጨረሻው፣ ማስር ጣቢያ ነው።

እንግዳ ሁሉ ከጣቢያ እንደወጣ ወደ ባሕሩ ይሮጣል። ከሰዓት በኋላ ጥንታዊዎቹ ቦታዎች ጋ ሲደርስ ተዘግተው ይጠብቁታል። ባሕሩ እንደሆነ አይዘጋም! ስለዚህ ዋጋ ተነጋግረህ ጥቁርና ቢጫ ታክሲ ያዝና መጀመሪያ ኮም ኤል ሹቃፋ ወደሚባለው ጥንታዊ የመሬት ውስጥ መቃብር ሂድ። ካርድ ያዝ፣ አንዳንዱ መግቢያ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም።

ኮም ኤል ሹቃፋ ማለት የገል ክምር ነው። ሙታቸውን ሊያስቡ የመጡ ቤተሰቦች እዚያው ከመሬት በታች በልተው ዕቃውን ሰብረውት ይሄዱ ነበር ይባላል፤ ተዝካር በለው። መቃብሩ የተገኘው በ1900 እ.ኤ.አ. አህያ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ነው ይላሉ። 99 ደረጃዎች አንድ ሰፊ ጉድጓድ እየዞሩ ይወርዳሉ፤ አስከሬኑ በዚያ ጉድጓድ በገመድ ይወርድ ነበር። አየሩ እርጥብ ነው፣ ደረጃውም ያንሸራትታል፤ ሶሉ ያለቀ ጫማ አታድርግ። የዋናው መቃብር በር ጋ ዞር በል፦ የቀበሮ ራስ ያለው የግብፆች የሙታን አምላክ አኑቢስ የሮማ ወታደር ጥሩር ለብሶ ቆሟል። ግብፅና ሮማ በአንድ ድንጋይ ላይ።

በቅርብ ርቀት ላይ የፖምፔ ዓምድ የሚሉት አለ፣ ወደ 27 ሜትር የሚጠጋ የአስዋን ድንጋይ። ሮማዊው የጦር አለቃ ፖምፔ ስሙን ብቻ ነው የወሰደው፤ የቆመው ስንክሳር ላይ ለምናውቀው ለዲዮቅልጥያኖስ ነው። ቅዱስ ማርቆስ ካቴድራልን መሳለምህ አይቀርምና ፓስፖርት ያዝ። ሕንፃው የቅርብ ነው፤ መንበሩ ግን አባ ሰላማን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያናችን በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ እስክትሾም ድረስ ጳጳስ ሲልክልን የኖረው ነው።

ከዚያ ወደ ባሕሩ። የቃይትባይ ምሽግ በ1477 እ.ኤ.አ. የተሠራው ፋሮስ የሚሉት የጥንቱ የመርከብ መሪ መብራት ማማ በቆመበት ቦታ ነው፤ ከፍርስራሹ ድንጋይም ገብቶበታል። ነፋሱ ኮፍያ ይነጥቃል።

ምሳህን አንፉሺ ሰፈር ብላ። ዓሣውን ራስህ ትመርጣለህ፦ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን። ሚዛኑን ቆመህ እይ፤ የኪሎው ዋጋ የመሥሪያውን ይጨምር እንደሆነ ሳትጠይቅ እሺ አትበል፣ ሒሳቡ የሚያብጠው እዚህ ላይ ነው። «ሲንጋሪ» ካልክ ተሰንጥቆ በቲማቲምና በቃሪያ ይጠበሳል፤ «ረዳ» ካልክ ፉርሽካ ተለውሶ እሳት ላይ ይወጣል። እኔ ረዳን እመርጣለሁ፣ ሥጋው አይደርቅም። ቀኑ ረቡዕ ከሆነ ፉልና ጣዕሚያ (ከባቄላ የሚጠበስ) አለልህ።

ከዚያ ወደ እስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት በባሕሩ ዳር 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእግር ካልቻልክ «መሽሩዕ» የሚሉትን ሚኒባስ በእጅህ አስቁም፤ ሒሳቡ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል። ቤተ መጻሕፍቱ በ2002 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ትልቅ ክብ ነው። ቦርሳ አያስገቡም። የውጪው ግድግዳ ላይ የ120 ዓይነት ጽሕፈት ፊደላት ተቀርጸዋል፤ የእኛን ስትፈልግ ጊዜው እንዳያመልጥህ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ከሆነ «ነዋ» የሚሉት ማዕበል መኖሩን አስቀድመህ ጠይቅ፤ ሲመጣ ጎዳናው በዝናብ ውኃ ይሞላል። አመሻሽ ላይ የባሕር ዳሩ መንገድ ስለሚጨናነቅ ባቡሩ ሊነሣ አንድ ሰዓት ሲቀረው ታክሲ ውስጥ ሁን።

ካይሮ እንደገባህ ደውልልኝ፣ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።

ያንተው