ይድረስ ለጎንደር ከተማ ትምህርት መምሪያ፦ መቁጠሪያውን ከመጋዘን አውጡልን

ክቡር ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአካል አንተዋወቅም። እኔ እዚሁ ጎንደር የ2ኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። የምጽፍልዎት ስለ ደመወዝ አይደለም። ስለ ዝውውርም አይደለም። (ስለ ሁለቱም ብዙ መጻፍ ይቻላል፣ ግን ሌላ ቀን።) የምጽፈው ስለ አንድ የእንጨት ፍሬም ነው። አሥር ሽቦ አለው፣ በየሽቦው ላይ አሥር ዶቃ። ካርቶኑ ላይ አባከስ ይላል፣ ልጆቹ መቁጠሪያ ይሉታል።

እስካሁን በሦስት ትምህርት ቤቶች ሠርቻለሁ። ሦስቱም ጋ ይህ ዕቃ ነበረ። ሦስቱም ጋ የነበረው ግን መጋዘን ውስጥ ነው፣ ከነካርቶኑ፣ ከተሰበሩ ወንበሮችና ከአሮጌ የፈተና ወረቀቶች ጋር። መጀመሪያ አስተማሪዎቹ ሰንፈው ይመስለኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕቃው ሞዴል 19 በሚባል የንብረት ቅጽ ገቢ ይሆናል። አስተማሪ ሲፈልገው በሞዴል 20 ይጠይቃል፣ በሞዴል 22 ፈርሞ ያወጣል። ከፈረመ በኋላ የእያንዳንዷ ዶቃ ዕዳ የእሱ ነው። መቁጠሪያው እንደ ጠረጴዛና እንደ ኮምፒውተር በቋሚ ንብረት ተመዝግቧላ!

እኔ አንድ ጊዜ ፈርሜ አወጣሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሽቦው ወለቀ፣ ዶቃው ተበተነ፣ 64 ልጅ በአንዴ ዴስክ ሥር ገባ። ያን ቀን ሒሳብ ቀረ፣ ግን እንዲህ ያለ ደስታ ክፍሌ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ለቅመን ስንቆጥር 97 ሆነ። ሁለት ቀን ቆይቶ አንዷ ተማሪዬ ሹሩባዋ ጫፍ ላይ ሦስት ቀይ ዶቃ አድርጋ መጣች። እናቷ ናት የጎነጎነችላት። እንዴት እንዳማረባት! ፍቺና መልሺ ልላት አፌ እምቢ አለኝ። ዓመቱ ሲያልቅ የንብረት ቆጠራ መጣ፣ "ጎዶሎ" ተባለ፣ የሙሉው ዕቃ ዋጋ ከደመወዜ ተቆረጠ። የትምህርት ቤቱ ስም ይቅር። ንብረት ክፍሏ ላይም አልፈርድም፣ ኦዲተር ሲመጣ የምትጠየቀው እሷ ናት። ግን ከዚያ በኋላ ሞዴል 20 የሚሞላ አስተማሪ ከየት ይምጣ?

ጠመኔ ስጨርስ "የት አደረስሽው?" ያለኝ ሰው የለም። ጠመኔ አላቂ ዕቃ ነዋ። የኔ ልመና ይህችው ናት። የመቁጠሪያ ዕቃዎች በሙሉ፣ ዶቃውም፣ ቆይቼ የማነሣቸው እንጨቱና የጠርሙስ ክዳኑም፣ ልክ እንደ ጠመኔ በአላቂ ይመዝገቡልን። ልጅ እንዲነካው የተሠራ ነገር ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ ሹሩባ ላይ ይታሰራል። ካልጠፋና ካልተሰበረ ማንም አልነካውም ማለት ነው።

"ለአንድ ዶቃ ይህን ያህል?" እንዳይሉኝ፣ ክፍል ውስጥ የማየውን ልንገርዎት።

ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ነበረኝ፣ የማባዣ ሰንጠረዡን እንደ ዘፈን የሚወርደው። "ሁለት አምስት አሥር፣ ሦስት አምስት አሥራ አምስት..." ትንፋሽ አይወስድም። አንድ ቀን "ሦስት ልጆች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ብርቱካን ይዘው መጡ፣ ሁሉም ስንት ብርቱካን ነው?" አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና "ብርቱካኑ የታለ?" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ልጁ ልክ ነበር። ቁጥሩን በጆሮው ነው የተቀበለው፣ በዓይኑም በእጁም አልፎ አያውቅም። ሌላው ደግሞ መደመር ላይ "አምስት ጻፍ፣ አንድ በእጅህ ያዝ" ስለው መዳፉን ገልብጦ አየ። ባዶ ነው። እኛ "በእጅ ያዝ" የምንለውን ነገር በእጁ ያስያዝነው ማን ነን?

ቋንቋችን እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ያግዘናል። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ስንል አሥሩ በግልጽ ይሰማል። አንድ ሙሉ ሽቦ ገፍቼ ከታች ባለው ላይ ሦስት ዶቃ ስጨምር ልጆቹ ሳልነግራቸው "አሥራ ሦስት" ይላሉ። ሃያ ላይ ስንደርስ ግን ገደል ነው። ሃያ ውስጥ ሁለት የት አለ? ሠላሳ ውስጥስ ሦስትን የሚሰማ ማን ነው? ልጁ እንደ አዲስ ስም ይሸመድደዋል። የግዕዝ ቁጥራችንም ያው ነው። ፲ ራሱን የቻለ ምልክት ነው፣ ፳ ሌላ፣ ፴ ሌላ፣ ዜሮ የሚባል የለም። ስለዚህ 20 ብሎ መጻፍ፣ ሁለት ከዚያ ባዶ፣ ለ2ኛ ክፍል ልጅ ትልቅ ነገር ነው። መቁጠሪያው ላይ ይህ ይታያል። አንዱን ሽቦ የአንድ ቤት፣ ቀጣዩን የአሥር ቤት አድርገን ስንሠራበት ዜሮ ማለት ዶቃ ያልተገፋበት ሽቦ ነው። አንድ ቤቱ ላይ አሥር ሲሞላ አሥሩን ይመልሱና አሥር ቤቱ ላይ አንዷን ይገፋሉ። "አንድ በእጅ" ማለት ያቺ ዶቃ ናት። በቃ።

አንድ ሱፐርቫይዘር "ዕቃ ልጁን ያሰንፈዋል፣ በቃሉ ያስላ" ብሎኛል። የዚህ ከተማ ሰው ሆኖ እንዲህ ማለቱ ይገርመኛል። 41 ጊዜ ኪርያላይሶን የሚያደርስ ሰው መቁጠሪያ ይይዝ የለ? ሐሳቡ ጸሎቱ ላይ እንዲሆን ቆጠራውን ለጣቱ ይሰጠዋል። ሰነፍ ያለው ሰው የለም። ይህን ስል ግን ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል ዶቃ ይግፋ ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ በእጁ ይገፋል፣ ቀጥሎ ደብተሩ ላይ ይሥለዋል፣ ከዚያ በቁጥር ብቻ ይሠራል፣ ዕቃውንም ራሱ ይተወዋል። አብዛኞቹ ሳልነግራቸው ነው የተዉት።

ነገሩ በሌላውም አገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1812 ናፖሊዮን ሩሲያን ሲወር ዣን ቪክቶር ፖንስሌ የሚባል ፈረንሳዊ መኮንን ተማርኮ ሳራቶቭ በምትባል ከተማ ታሰረ። በኋላ ትልቅ የሒሳብ ሊቅ የሆነ ሰው ነው። እዚያ የሩሲያን ባለ ሽቦ መቁጠሪያ አየ። ተፈትቶ ሲመለስ ሜስ በምትባል ከተማ ላሉ ልጆች ማስተማሪያ አደረገው፣ ከዚያ በየትምህርት ቤቱ ተዛመተ። የሩሲያው መቁጠሪያ አንድ ብልሃት አለው። ከአሥሩ ዶቃ መሃል ያሉት ሁለቱ፣ አምስተኛውና ስድስተኛው፣ ቀለማቸው ይለያል። ለምን? የሰው ዓይን ሳይቆጥር በአንድ እይታ የሚለየው አራት፣ ቢበዛ አምስት ነገር ነው። ከዚያ ካለፈ አንድ ሁለት ማለት ይጀምራል። ቀለሙ መሃል ላይ ከተለየ ግን ስምንት ሲያይ "አምስትና ሦስት" ብሎ ባንዴ ይይዘዋል።

እኔም ይህን ብልሃት ነው የምጠቀመው፣ አምስት ቀይ አምስት ነጭ እያደረግኩ። ስምንት ሲደመር ሰባት ብዬ ልጆቹን ብጠይቅ በጣት አሥራ አምስት ድረስ መቁጠር አለባቸው፣ ጣት ደግሞ አሥር ላይ ያልቃል። ሁለት ሽቦ ስሰጣቸው ከላይ ስምንት ይገፋሉ፣ አምስት ቀይና ሦስት ነጭ። ከታች ሰባት፣ አምስት ቀይና ሁለት ነጭ። ቀዩ ከቀዩ ጋር አሥር፣ ነጩ ሦስትና ሁለት አምስት። አሥራ አምስት! ይህን ያገኘችው አንዲት ልጅ ናት፣ እኔ ሌላ መንገድ ላሳያት ስዘጋጅ ቀደመችኝ።

ደግሞ ሌላ አለ፣ ዶቃ የሌለው። ዦርዥ ኩዊዝኔር የሚባል የቤልጅየም አስተማሪ ከ1 እስከ 10 ሳንቲሜትር የሚረዝሙ አሥር ባለቀለም እንጨቶች ሠራ። ነጩ 1፣ ቀዩ 2፣ እያለ ብርቱካናማው 10። ቀይና ቢጫ ጫፍና ጫፍ ሲገጥሙ ከጥቁሩ ጋር ይተካከላሉ፣ 2 ሲደመር 5 እኩል 7። ይህን ነገር ለዓለም ያስተዋወቀው ካሌብ ጋቴኞ ነው፣ ግብጽ እስክንድርያ የተወለደ የሒሳብ አስተማሪ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1957 በዩኔስኮ ተልኮ እኛ አገር መጥቶ ሠርቷል። ያነበብኩ ቀን ብስጭት አልኩ። ሰውየው ከመጣ ስንት ዘመኑ፣ እኔ ግን እንጨቶቹን ያየሁት በስልክ ነው።

ዋጋውን አስልቼዋለሁ፣ የሒሳብ አስተማሪ አይደለሁ? ከ1 እስከ 10 ሲደመር 55 ነው። ለአንድ ስብስብ 55 ሳንቲሜትር ቀጭን እንጨት ይበቃል። 64 ልጅ ለሁለት ለሁለት ቢይዝ 32 ስብስብ፣ 17 ሜትር ከ60። የመጋዙን ብናኝ ጨምረን 20 ሜትር እንበል። አናጺ ቤት የሚጣለው ቁርጥራጭ ከዚህ ይበልጣል። ቴክኒክና ሙያ ያሉ የእንጨት ሥራ ሰልጣኞች ለልምምድ ሲቆርጡ ከሚውሉ ይህን ቢቆርጡልን ምን አለበት?

መቁጠሪያውን ደግሞ ራሳችን ሠርተነዋል። መጀመሪያ በቢራ ቆርኪ ሞከርኩ፣ አምስቱን በፊት አምስቱን በጀርባ እየሰካሁ። ሁለት ችግር መጣ። አንደኛ ጣት ይቆርጣል። ሁለተኛ "ልጆቹን ቢራ ታስተምሪያለሽ?" የሚል ወላጅ መጣብኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ የሃይላንድ ክዳን ትዝ አለኝ። ጥር 13 ጠዋት፣ ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ካለፉ በኋላ፣ የፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ከልጆቹና ከወላጆች ጋር ወጥተን ሁለት ማዳበሪያ ክዳን ለቀምን። ሰማያዊና ነጭ ለየን፣ ወላጆች በጋለ ሚስማር በሱልን፣ ሲባጎ ላይ ሰካን። ለእያንዳንዱ ልጅ 20 ክዳን፣ ለ64 ልጅ 1,280። ወጪው የሲባጎ ብቻ ነው።

ለእያንዳንዱ ልጅ መድረሱን አደራ! ትልቁ ፍሬም ፊት ቆሞ እኔ ብቻ የምገፋው ከሆነ ከግድግዳ ሥዕል አይለይም።

ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ አንዲት 11 ዓመቷ ልጅ አለች። ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ ሁለት ዓመት ተቀምጣ ነው ከገጠር የመጣችው። እናቷ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች፣ ልጅቷ መልስ ስትቆጥር ከኔ ትፈጥናለች። ወረቀት ላይ ግን 42 ሲቀነስ 17 አይገባትም። ከሰባት ዓመት ልጆች መሃል ተቀምጣ በጣቷ መቁጠር ስለምታፍር እጇን ዴስክ ሥር ደብቃ ነበር የምትቆጥረው። ሁሉም ክዳን የያዘ ቀን እሷም እጇን ወደ ላይ አወጣች።

ስብሰባና አበል ያለው ሥልጠና አልጠይቅም። በክላስተር፣ ማለትም በአጎራባች ትምህርት ቤቶች ቡድን፣ ግማሽ ቀን ቢሰጠን፣ አስተማሪዎቹ ራሳቸው በእጃቸው ቢገፉት ይበቃል። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ነክተነው አናውቅም።

ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ገጽ ሰርኩላር ነው። "የመቁጠሪያ ዕቃዎች በአላቂ ይመዝገቡ" የሚል፣ ንብረት ክፍሎች ፋይላቸው ውስጥ የሚያስቀምጡት፣ ኦዲተር ሲመጣ የሚያሳዩት። ማየት ከፈለጉ ደግሞ አንድ ጠዋት ክፍሌ ይምጡ። የከፈልኩበትን ፍሬም ይዤው ስለሄድኩ ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ሦስቱን ዶቃ በሃይላንድ ክዳን ተክቼ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የ2ኛ ክፍል መምህርት፣ ጎንደር