ጊዜዬን የመለሰልኝ ብስክሌት፦ ለአዲስ አበባ ከተማ የትራንስፖርት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን ሆይ፣

የጀሞ ነዋሪና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ሥራ የምሄደው በብስክሌት ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «ሥራ አለሽ፣ ልጆች አሉሽ፣ ለብስክሌት ጊዜ ከየት ታገኛለሽ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ከቅንነት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ግን የተገለበጠ ጥያቄ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍላችሁ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ብስክሌት ከመያዜ በፊት በየቀኑ ጠዋት 12፡30 ላይ የታክሲ ሰልፍ እይዝ ነበር። ልጆቼን ቀስቅሶ፣ አልብሶና ቁርስ አብልቶ የሚሸኛቸው አባታቸው ብቻ ነበር። ታክሲ እስኪገኝ፣ ከተገኘም በኋላ መካኒሳ ላይ የተቆለፈው መንገድ እስኪከፈት፣ ቢሮ የምገባው 2፡20 ላይ ነበር። ማታ 11፡30 ወጥቼ ቤቴ ስደርስ 1፡30 ይሆናል። ትንሹ ልጄ እራቱን በልቶ ተኝቷል። ታላቂቱ ደግሞ የቤት ሥራዋን ብቻዋን ሠርታ፣ ያልገባትን ጥያቄ በእርሳስ ከብባ ትጠብቀኛለች። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ለማስረዳት የሚበቃ አቅም አልነበረኝም።

አሁን በብስክሌት በምሄድባቸው ቀናት ከቤት የምወጣው 1፡20 ላይ ነው። የልጄን ጸጉር ሠርቼ፣ ቁርስ አብረን በልተን፣ ሁለቱንም ስሜ እወጣለሁ። ከጀሞ ወደ መሃል ከተማ መንገዱ ወደ ዳገት ስለሚያደላ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ ማታ መልሱን በአርባ ደቂቃ እጨርሰዋለሁ። በቀን ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይተርፈኛል፤ በሳምንት ሰባት ሰዓት ማለት ነው። ሒሳብ ሥራዬ ስለሆነ ደጋግሜ አስልቼዋለሁ። ለብስክሌት ብዬ ከቤተሰቤ የወሰድሁት አንዲት ደቂቃ የለችም። ብስክሌቱ ነው ከሰልፍ ላይ ወስዶ ለቤተሰቤ የሰጠኝ።

ክቡራን፣ ከእናንተ ጋር መነጋገር የምፈልገው በዚህ ዓይን ነው። ብስክሌት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ስፖርተኛውን ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ ሲወዳደር እኔም እንደማንኛውም ሰው ኮርቻለሁ። ነገር ግን ሥራና ልጆች ያሉት ሰው ስፖርት የሚሠራበት የተለየ ሰዓት የለውም። ሊጋልብ የሚችለው ጉዞው ራሱ በብስክሌት ሲሆንለት ብቻ ነው። ያ መሆን አለመሆኑ ደግሞ ከእሱ ብርታት ይልቅ በእናንተ እጅ ነው ያለው።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፈረቃ ሲለወጥ ከፋብሪካው በር የሚወጣው ብስክሌት መንገዱን ሞልቶት ሲመጣ፣ እኔና ወንድሜ ዳር ቆመን ከመካከሉ የአባታችንን ኮፍያ እንፈልግ ነበር። እናቴም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ዘንቢሏን ከኋላ ጭና በሳይክል ገበያ ትሄድ ነበር። ስፖርት እየሠራች ነው ያላት ሰው የለም። ጊዜ ከየት አገኘሽ ብሎ የጠየቃትም አልነበረም። የምትሄድበት ቦታ ነበራት፤ ሄዳ ትመለሳለች። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፣ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ዳገታማ ከተማ ነው እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ ዳገቱን ጉልበቴ ያውቀዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ግማሹን መንገድ እየገፋሁ ነው የሄድሁት። በሦስተኛው ወር ግን ዳገቱን ረሳሁት። ያልረሳሁትና በየቀኑ የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው።

የተሠራውን ሥራ አልክድም። ከኮሪደር ልማቱ በፊት ከለቡ ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ላይ የብስክሌት መስመር ሲሰመር እኛ የሰፈሩ ሰዎች ቆመን አይተናል። በኮሪደር ልማቱ ደግሞ ከመኪና የተለየ፣ ሰፊና ለስላሳ የብስክሌት መንገድ በከተማችን ሲሠራ ማየት በሕይወት ዘመኔ ይሆናል ብዬ ያልጠበቅሁት ነው። ሳር ቤትን አልፌ እዚያ ስገባ ትከሻዬ ዘና ሲል ይታወቀኛል። የከተማው አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 ባወጣው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም ከ200 ኪሎ ሜትር ያላነሰ የብስክሌት መስመር ለመሥራት አስቧል። ሐሳቡ የእናንተው ነው፤ እኔ አዲስ ነገር አላመጣሁም።

የምለምናችሁ ኪሎ ሜትሩን ብቻ እንዳትቆጥሩ ነው። መስመር የሚለካው በደካማው ቦታው ነው። ስምንቱ ኪሎ ሜትር አምሮ፣ አንዱ አደባባይ ላይ መስመሩ ተቋርጦ ከሲኖትራክ ጋር ከተጋፋሁ፣ ባለቤቴ ጠዋት ሲሸኘኝ የሚያስበው ያንን አደባባይ ነው። የሚቀሩትን መጋጠሚያዎች ቅድሚያ ስጧቸው። መስመሩ ላይ የሚቆሙ መኪኖችን፣ የሚነዱ ሞተሮችንም ተቆጣጠሩልን። እግረኛው ግን ሲገባበት አትቆጡት፤ እሱም እንደ እኛ ቦታ የጠበበው ሰው ነው። የመንገድ መብራቱም ይታሰብበት። ቀሪዎቹን ሁለት ቀናት ብስክሌቴን ቤት የምተወው ሥራ ስለሚያመሸኝ ነው፤ ከመሸ በኋላ ጨለማ ቦታ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ስትጋልብ የሚሰማትን ለማስረዳት ብዙ ቃል የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። በብስክሌት መሄድ የጀመርሁ ሰሞን የቢሯችን ሕንፃ ጥበቃ በር ላይ አስቆመኝ። «ብስክሌት አይገባም፤ ትእዛዝ ነው» አለኝ። ልጁን አልወቅሰውም፤ ታዝዞ ነው። ከምድር በታች ሁለት ወለል ሙሉ የመኪና ማቆሚያ አለ። የአንዲት መኪና ቦታ ዐሥር ብስክሌት ያስቆማል ብዬ ለሕንፃው አስተዳዳሪ ማመልከቻ ጻፍሁ። መልስ ሳይመጣ ሦስት ሳምንት አለፈ። እስከዚያ ድረስ ብስክሌቴን ከማዶ ያለ አንድ ጎሚስታ በደግነት ተቀብሎ ጎማ መደርደሪያው ውስጥ ያቆይልኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ዝናብ የጣለ ቀን እሱ ሥራ ካልገባ እኔም በታክሲ እመለሳለሁ ማለት ነው። በመጨረሻ ተፈቀደልኝ፤ የተሰጠኝ ቦታ ከጄኔሬተሩ ጀርባ ነው። ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ የእኔን አይተው ብስክሌት ለመግዛት አስበው ነበር። የማቆሚያውን ታሪክ ሲሰሙ ተዉት። ዳገቱን፣ ትራፊኩን፣ ክረምቱን ችለው ሊመጡ የቆረጡ ሰዎች ናቸው፤ ያስቀራቸው ማሰሪያ ብረት ማጣት ነው።

ሕንፃ ሲሠራ የመኪና ማቆሚያ እንዲኖረው ይጠየቃል። ከግንባታ ፈቃድ ሰጪዎች ጋር ተነጋግራችሁ ለብስክሌትም ጥቂት ካሬ ሜትር እንዲጠየቅ ማድረግ አትችሉም? በተሠሩትም ላይ በአንድ ደብዳቤ ማሳሰብ ይቻላል። ከራሳችሁ ቢሮዎችና ከየክፍለ ከተማው ጀምሩት። ጣሪያ ያለው ማቆሚያ፣ ማሰሪያ ብረት፣ ፊትና አንገት የሚታጠቡበት ቧንቧ ያለው አንድ ክፍል፤ ወጪው ከአንድ አውቶቡስ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ስለ እሑድም አንድ ነገር ልበል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. መንገዶች ለመኪና የሚዘጉበት «መንገድ ለሰው» ሲጀመርና አስፋልቱ ለሕፃናት ሲለቀቅ ታላቂቱ ልጄ ሦስት ዓመቷ ነበር። ያንን ቀን በጣም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን የእኛ ቤት እሑድ ጠዋት የኛ አይደለም። ከቅዳሴ ስንወጣ 3፡00 ሰዓት ነው፤ ከዚያ የዕድር ስብሰባ አለ፣ ልቅሶ መድረስ አለ፣ ሰርግ አለ። ቤተሰብ ሁሉ ነፃ የሚሆነው ከሰዓት በኋላ ከ9፡00 በኋላ ነው። ፕሮግራሙን ወደዚያ ብታመጡት፣ ከዋናው ጎዳና ይልቅም በየሰፈሩ አንድ አንድ መንገድ ብትዘጉ፣ እናቶች ከነልጆቻቸው ሲወጡ ታያላችሁ። ብስክሌት የሌለው ልጅም በሰዓት ከሚያከራዩት ተከራይቶ ይለማመዳል።

ልጄ ዘንድሮ ዐሥር ዓመቷን ይዛለች። ለፋሲካ አንድ ያገለገለ ብስክሌት ገዝተንላታል። ከትምህርት ቤት ስትመጣ በኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች መካከል ስትዞር ትውላለች፤ ፍሬን አያያዟም መታጠፏም ከእኔ ይሻላል። ትምህርት ቤቷ ከቤታችን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ባለፈው ሳምንት «እማዬ፣ እስከ የት መሄድ እችላለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። እስከ ግቢው በር ድረስ አልኋት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንዲት የጀሞ ነዋሪ