ለወንድሜ ለሚኪያስ፦ ስለ መጀመሪያው የጌም ኮምፒውተርህ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሚኪያስ፤
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? አባዬና እማዬስ፣ እትዬ ዘነበችስ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጌም ስለምትጫወትበት ኮምፒውተር የላክህልኝ ዝርዝር ደርሶኝ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በስልክ እንዳላስረዳህ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹ ይጠፋል፤ ደግሞም እዚያው ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ስትወርድ በእጅህ ይዘኸው የምታመሳክረው ነገር እንዲኖርህ ስለፈለግሁ በጽሑፍ ማድረጉን መርጫለሁ።

አስቀድሜ ዕቃዎቹን የምመርጥበትን መሠረት ልንገርህ። እዚህ ቶሮንቶ ኮምፒውተር የሚገጣጥሙ ወጣቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁት በዚህ ገንዘብ ከሁሉ የሚፈጥነው የትኛው እንደሆነ ነው። ጥያቄያቸው ልክ ነው፤ የገዙት ዕቃ ቢበላሽባቸው በማግሥቱ ወደ ሱቁ መልሰው ሌላ ይወስዳሉና። አንተ ግን ያለኸው ድሬዳዋ ነው። የምልክልህ ዕቃ ቢቃጠል ዋስትናው እዚህ ይቀራል፣ ምትኩም የሚደርስህ ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው እስኪገኝ ተጠብቆ ነው። ስለዚህ እኛ መጠየቅ ያለብን አንዱ ዕቃ ቢበላሽ ቀሪው መሥራት ይችላል ወይ፣ የተበላሸውንስ እዚያው መተካት ይቻላል ወይ ብለን ነው። ከዚህ በታች የምጽፍልህ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

በዝርዝርህ መጀመሪያ ላይ ራይዘን 5 5600 የተባለውን ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን አንጎል) ምስሉን ከሚሠራው ከአርኤክስ 6600 ግራፊክስ ካርድ ጋር አድርገሃል። ምርጫህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሁለቱ ተስማምተው የሚሠሩ ናቸው፣ ካርዱም 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ይዞ ከ132 ዋት የማይበልጥ ኃይል የሚወስድ በመሆኑ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን 5600 በውስጡ ግራፊክስ የሌለው ፕሮሰሰር ስለሆነ፣ ካርዱ አንድ ቀን ቢሞት ስክሪንህ ጭራሽ አይበራም፤ ያን ጊዜ ጌም ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤት ሥራህም አብሮ ይቆማል። በዚህ ምክንያት የምመርጥልህ ወንድሙን 5600ጂን ነው። እርሱም እንደ 5600 6 ኮርና 12 ትሬድ አለው፣ በዚያ ላይ ግራፊክስ በውስጡ ይዟል። የሚያንስበትን አልደብቅህም። ካሽ የሚባለው ፈጣን ማከማቻው በ5600 ላይ 32 ሜጋባይት ሲሆን በዚህኛው 16 ብቻ ነው፤ ከካርድ ጋር የሚነጋገርበት መስመርም በአንድ ትውልድ የቆየ ነው። ስለዚህ ኋላ ካርድ ስንጨምርበት ከ5600 ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ጥቂት ፍጥነት ከፍለን ካርድ ቢሞትም የማይጠፋ ኮምፒውተር የምናገኝ ከሆነ፣ ለድሬዳዋ ዋጋው ተገቢ ነው እላለሁ።

ሌላም ጥቅም አለው። በእጄ ያለው 500 ዶላር ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይችለውም፤ 5600ጂን ከያዝን ግን ካርዱ ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። እስከዚያው ድረስ ከሰፈር ልጆች ጋር የምትጫወተው የኳስ ጌም፣ ዶታ 2 እና ጂቲኤ 5 የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርገህ ይሠሩልሃል። አዳዲሶቹን ከባድ ጌሞች ግን ካርዱ እስኪደርስ አትጠብቅበት።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር አደራ የምልህ ራሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ሜሞሪ ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው የሚጠቀመው ከራሙ ተካፍሎ ነው፤ በመሆኑም የራሙ ፍጥነት የጌሙ ፍጥነት ይሆናል። አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት መግዛት የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ መንገዱ በእጥፍ ይሰፋል፣ ልዩነቱንም በዓይንህ ታየዋለህ። አራት የራም መሰኪያ ባለው ማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ በሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ከፕሮሰሰሩ በኩል ቆጥረህ 2ኛውና 4ኛው ላይ ትሰካቸዋለህ፤ ጫፉ ላይ ያለው መያዣ ቀጭ ብሎ ካልገጠመ አልገባም ማለት ነው። ከዚያም ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ነው) ገብተህ ኤክስኤምፒ የሚለውን ካልከፈትኸው፣ 3200 ተብሎ የተሸጠልህ ራም ከዚያ በታች ይሮጣል። ከ2025 መጨረሻ ወዲህ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ፋብሪካዎቹ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ማምረቱን ስላስቀደሙ የራም ዋጋ በመላው ዓለም ሽቅብ ወጥቷል። ስለዚህ ለዚህ ፕሮሰሰር የሚሆነውን ዲዲአር4 የተባለ የራም ዓይነት ያገለገለ ፈልጌ፣ እዚህ ሌሊቱን ሙሉ ፈትኜ እልክልሃለሁ። ራም እንደ ሌሎቹ ዕቃዎች በሥራ ብዛት ቶሎ የሚያልቅ ባለመሆኑ ያገለገለ መግዛቱ አያሳስበኝም።

ማዘርቦርዱ ቢ550 የሚባለው ዓይነት ይሆናል። እርሱም ሆነ ከእርሱ በፊት የነበረው ቢ450 መጋዘን የቆየ ከሆነ ባዮሱ ሳይታደስ 5600ጂን ላያውቀው ስለሚችል፣ እኔው አድሼ፣ አስነሥቼና አይቼ ነው የምልከው።

አሁን ከግድግዳው መብራት ተቀብሎ ለዕቃዎቹ ስለሚያከፋፍለው ስለ ፓወር ሰፕላይ ልምጣ፤ በዝርዝርህ ውስጥ ያሳዘነኝ ይህ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ለሌላው ሁሉ ተጨንቀህ ለእርሱ "ከኬዙ (ከሣጥኑ) ጋር የሚመጣው" ብለህ አልፈኸዋል። ሚኪ፣ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር የሚመጣውን ዱላ መጀመሪያ የሚቀበለው እርሱ ነው፤ ርካሹ ደግሞ ሲሞት ማዘርቦርዱን ይዞ ይሞታል። በምሠራበት የጥገና ቤት ሁለት ፓወር ሰፕላይ ጎን ለጎን ከፍቼ አይቻለሁ፤ ደህነኛው በእጅ ሲይዙት ይከብዳል፣ ውስጡ በወፍራም የመዳብ ጥቅልና በትልልቅ ካፓሲተር የተሞላ ነው፤ ርካሹ ግን ግማሹ ባዶ ነው፣ ሰሌዳው ላይ ዕቃ እንዲገባባቸው የተተው ቦታዎች ምንም ሳይገባባቸው ይታያሉ። ላዩ ላይ በትልቁ የተጻፈውን "500 ዋት" አትመን። ጎኑ ላይ ካለው ሠንጠረዥ 12 ቮልት የሚለውን ፈልግና ከሥሩ ያለውን የአምፔር ቁጥር በ12 አባዛው። 16 አምፔር ከሆነ 192 ዋት ነው፤ ዕቃው 500 የሚል ልብስ የለበሰ 192 ነው ማለት ነው። 45 አምፔር ከሆነ 540 ይመጣል፣ እርሱ እውነተኛ 550 ነው። የአንተ ኮምፒውተር ወደፊት ካርዱ ሲጨመርበት እንኳ ከ300 ዋት ብዙም አያልፍም፤ ሆኖም በሙቀት ውስጥ ሳይጨናነቅ እንዲሠራ 550 ዋት፣ ብሮንዝ የሚል የብቃት ምልክት ያለው፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል አድርጌ ራሴ ገዝቼ እልካለሁ። ይህ የመጨረሻው የሚሰረዝ ዕቃ ነው፤ ገንዘብ ቢያጥር ሌላውን እንቀንሳለን እንጂ እርሱን አንነካም።

ሙቀቱም እንደዚሁ ነው። ፕሮሰሰር ራሱን የሚያቀዘቅዘው በክፍሉ አየር በመሆኑ፣ የክፍሉ ሙቀት በጨመረ ቁጥር የእርሱም በዚያው ልክ ይጨምራል። እዚህ 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ሲሠራ 75 የሚደርስ ፕሮሰሰር፣ በግንቦት ቆርቆሮው ሲግል መኝታ ቤትህ 35 ዲግሪ ቢሆን ወደ 88 ይጠጋል፤ የ5600ጂ ጣሪያ ደግሞ 95 ነው፣ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ያማረህን ፊቱ ድፍን መስታወት የሆነውንና ባለ ቀለም መብራት ኬዝ ተውልኝ። ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ከበስተጀርባው አቧራ የሚይዝ ተነቃይ መረብ ያለው፣ ከፊት በሁለት ፋን አየር የሚስብና ከኋላ በአንድ የሚያስወጣ ይሁን። መሬት ላይ አታስቀምጠው፤ ከደቻቱ ወንዝ በኩል የሚነሣው ደቃቅ አሸዋ ወለል ላይ ነው የሚሰነብተው። ስታጸዳው በባጃጅ ጋራዥ ኮምፕሬሰር አታስነፋው፤ ከአየሩ ጋር ውኃ ይወጣልና። ለስላሳ ብሩሽና የእጅ መንፊያ ይበቃሃል፤ ፋኑ እንዳይሽከረከርም በጣትህ ያዘው።

በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን፣ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ፓስታ ልትቀይር ማቀዝቀዣውን የምታነሣበት ቀን ከመጣ፣ ኮምፒውተሩን ጥቂት አሠርተህ አሙቀው፤ ከዚያ አጥፍተህ፣ ገመዱን ነቅለህ፣ ብሎኖቹን ከፈታህ በኋላ ማቀዝቀዣውን ቀስ እያልህ ግራና ቀኝ እያዞርህ አንሣው እንጂ ቀጥታ ወደ ላይ አትሳበው። የደረቀው ፓስታ ፕሮሰሰሩን ከመሰኪያው ነቅሎ ያወጣዋል፣ የዚህ ዓይነቱ ፕሮሰሰር እግሮች ደግሞ ከራሱ ሥር ስለሆኑ በቀላሉ ይጣመማሉ። አዲሱ ፓስታ ከአንድ የሽምብራ ፍሬ አይብለጥ።

ታይዋን ገበያ ስላየኸው ያገለገለ የቢሮ ዴል ኮምፒውተርም ጠይቀኸኛል። ለጽሑፍና ለትምህርት የማልንቀው ማሽን ነው። ለጌም ግን ቀጫጭኖቹ የሚቀበሉት ቁመቱ አጭር የሆነና ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ ካርድ ብቻ ነው፤ ፓወር ሰፕላያቸውም የአምራቹ የራሱ ቅርጽ ስላለው ሲቃጠል ከገበያ ያገኘኸውን አንሥተህ አትተካውም። ባለ 6ኛና 7ኛ ትውልድ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 አብቅቷል። ከእርሱ ጋር ሊሸጡልህ የፈለጉትን "ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ" ካርድ ፎቶውን ሳየው ገና ከኋላው ያለው ሰማያዊው፣ ለድሮ ሞኒተሮች የሚሆነው የቪጂኤ መሰኪያ አስደነገጠኝ። እውነተኛው 1050 ቲአይ የቪጂኤ መሰኪያ የለውም፤ እንዲህ ያሉት ከ2010 እና ከ2011 የቀሩ አሮጌ ካርዶች ስማቸው በሶፍትዌር ተቀይሮ የሚሸጡ ናቸው። ወደፊትም ማንም ካርድ ሲያቀርብልህ ገንዘብ ሳትሰጥ ጂፒዩ ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም አስከፍትና እይ፤ የተጭበረበረ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጽፍልሃል።

ጌሞቹና ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ኤስኤስዲ 1 ቴራባይት (1000 ጊጋባይት ያህል) ይሆናል። አንድ ትልቅ ጌም 100 ጊጋባይት መያዙ የተለመደ በሆነበት በዚህ ጊዜ ከዚያ ያነሰው ቶሎ ይሞላል፤ ይህን ያህል በሞባይል ዳታ ማውረድ ደግሞ ከዕቃው ዋጋ የማይተናነስ ወጪ ነው። ስለዚህ የምትፈልጋቸውን ጌሞች ስም ላክልኝና እዚሁ አውርጄ፣ ጭኜበት ይመጣልሃል። ኪቦርድና ማውስ ከዚያው ያገኘኸውን ግዛ።

ኬዙ፣ ሞኒተሩና መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው ዩፒኤስ ከባድ ስለሆኑ ከዚያው ይገዙ፤ ለእነዚህ አባዬ ብር እንደሚያዋጡ ነግረውኛል። ሞኒተሩ 24 ኢንች፣ 1080 ጥራት ያለው ይበቃል። ለዩፒኤሱ አባዬ ሲሄዱ አብረሃቸው ሂድ፤ ሻጩ የሚነግራቸው በቪኤ ሲሆን ይህ ዋት አይደለም፣ ባለ 650 ቪኤው ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው የሚችለው። ባለ 1000 ቪኤ ይግዙ፤ ባትሪውም ድሬዳዋ ውስጥ የሚገኝ ዓይነት መሆኑን ጠይቁ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነውና። ለኬዙ ከመክፈልህ በፊት የፊቱንና የውስጡን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ የእኛው መጠን፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለው ማዘርቦርድ እንደሚገባበት አይቼ መልስ ሳልሰጥህ ቀብድ አትስጥ።

እማዬን ሳምልኝ።

እህትህ ሰላማዊት
ከቶሮንቶ