አርባ ያሉኝ አራት ኖሯል

ይድረስ ለምናፍቅሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ ዛሬ ደብዳቤ ስጽፍልሽ ብትቆጪኝ አልፈርድብሽም። እስራኤል አገር ናታንያ ከተማ ከገባን ወዲህ ጠዋት ኡልፓን፣ ለአዲስ ገቢዎች ቋንቋ የሚያስተምሩበት ቤት፣ ዕብራይስጥ እማራለሁ፣ ማታ ሥራ አለ። መጀመሪያ ሰሞን ቋንቋው አልገባ ብሎኝ አፌን ዘጋሁ። በዚያው ላንቺም ዘጋሁ።

አንድ ቀን ሹክ፣ ገበያ ማለቴ ነው፣ ሄጄ ቲማቲም ኪሎው ስንት ነው አልኩ። ሻጩ «አርባ» አለኝ። በአርባ ሼኬል ቲማቲም! እያማረርኩ ሁለት ሃያ አውጥቼ ሰጠሁት። ሰውየው ሳቅ አለና ሠላሳ ስድስት መለሰልኝ። ለካ የእነሱ «አርባ» የኛ አራት ነው። አርባን «አርባዒም» ይሉታል። አባትሽ መሪጌታው «አርባዕቱ እንስሳ» ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቼ!

ከዚያ ወዲህ አዲስ ቃል ሲመጣ ዘመዱን እፈልጋለሁ። አስተማሪያችንም ሰሌዳው ላይ ሦስት ፊደል ትጽፋለች፤ ሥሩ ነው። ከ«ኻሻቭ» እንጀምር፤ አሰበ ማለት ነው። የግእዙ ሐሰበ፣ ሐን ኸ ብለዋት። ምግብ ቤት ሒሳብ ስትጠይቂ «ኼሽቦን» ትያለሽ። ኮምፒውተር ደግሞ «ማኽሼቭ» ነው፤ ማሰቢያ እንደማለት። ይህ ደብዳቤ ራሱ «ሚኽታቭ» ይባላል፤ የኛ ክታብ ግን አንገት ላይ ቀረ። ለአዲስ ነገር ስም ከድሮ ሥር ማውጣት ልማዳቸው ነው። ዕብራይስጥ ዳግም የአፍ መነጋገሪያ እንዲሆን የደከመው፣ በፈረንጆች 1881 ኢየሩሳሌም የመጣው ኤሊዔዘር ቤን ዬሁዳ፣ «ሚላ» (ቃል) ከሚለው «ሚሎን» (መዝገበ ቃላት) ያወጣ ነው። ልጁን ከዕብራይስጥ በቀር እንዳይሰማ አድርጎ ያሳደገ ሰው ነው አሉ። ልጁ አሳዘነኝ።

ትልቁን ቁልፍ ያገኘሁት ግን አውቶቡስ ውስጥ ነው። መውረድ «ላሬዴት»፣ ወረደ «ያራድ» ነው። ቃሉ በኛ በወ ሲጀምር በእነሱ በየ ይጀምራል! ልጅ «ዬሌድ» ነው፣ ከወለደ። ጨረቃ «ያሬአኽ» ነው፣ የግእዙ ወርኅ፣ የኛ ወር። በር ላይ «ዬጺአ» ካየሽ መውጫ ነው፤ ወፅአን አስቢ። ሳይነግሩኝ መገመት ጀመርኩ። ሁሌ አይሠራም። «ሴፈር» መጽሐፍ ነውና «ቤት ሴፈር» ሲሉኝ ቤተ መጻሕፍት መስሎኝ ነበር። ትምህርት ቤት ነው።

አሁን ይህን ድምፄን አውጥቼ ሳነብ፣ ልጄ መጨረሻው ላይ በሳቅ ፈረሰች። «ኬሌቭ» በዕብራይስጥ ውሻ ነው። በግእዝም ከልብ እሱው መሆኑን አባትሽ ይነግሩሻል፤ ሰላም በይልኝ።

ከልብ (የአማርኛውን ማለቴ ነው) የምትወድሽ፣
እህትሽ