ዜሮ የሚለው ሪፖርት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በሕክምና ስህተት ታካሚ ተጎዳ የሚል ወሬ በወጣ ቁጥር ፌስቡክ ይንጫጫል። ገሚሱ ሐኪሙ ይታሰር ይላል፤ ገሚሱ ሙያው ተደፈረ ይላል። በሳምንቱ ይረሳል። ለመሆኑ ሆስፒታል ከሚተኙት ሰዎች ስንቱ በሕክምናው ሰበብ ይጎዳል? ይህን የሚጠይቅ ብዙ አላይም።

ነርስ ነኝ። የለመድነው አሠራር ቅጽ መሙላት ነው፤ ስህተት የሠራ ወይም ያየ ሰው ሞልቶ ያስረክባል ይባላል። ማን ሊሞላ? ሌሊቱን ዋርድ ሙሉ ታካሚ ብቻዋን ስትጠብቅ ያደረች ተረኛ፣ ጠዋት ራሷን የምትከስበትን ወረቀት አትሞላም። ስለዚህ ወር ሲያልቅ «ዜሮ» ተብሎ ይጻፋል። ስብሰባ ላይም ይጨበጨብለታል።

በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በሦስት የአሜሪካ ሆስፒታሎች 795 የታካሚ ካርዶችን መርምሮ ነበር። ሠራተኞች በፈቃዳቸው ያመለከቱት 4 ጉዳት ብቻ ነው። ካርዱን ገልጠው ፍንጭ የፈለጉት ግን 354 አገኙ።

ፍንጭ የሚሉት የረቀቀ ነገር አይደለም። ታካሚው ኦፕራሲዮን ተደርጎ እንደገና ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ተመለሰ? ሳይታሰብ ደም ተሰጠው? ናሎክሶን ታዘዘለት? (የሞርፊን ማርከሻ ነው፤ ሞርፊን በዝቶበት ይሆናል።) በወጣ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ ተኛ? እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ካርዱ በደንብ ይነበባል እንጂ ወዲያው ጉዳት ተብሎ አይመዘገብም። በዚህ አሠራር በየሁለት ሳምንቱ 10 ካርድ በዕጣ ይወጣል፤ ለአንዱ ከ20 ደቂቃ በላይ አይፈቀድም። ሁለት ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ ነርሶች፣ ለየብቻ ያነባሉ፤ ሐኪም ያጸድቃል። ኮምፒውተር እንኳ የግድ አይደለም። ካርድ ክፍሉ ካርዱን ካላጣው ማለቴ ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

የፈረንጅ ነገር ነው የሚለኝ አይጠፋም። ኬንያንና ሱዳንን ጨምሮ በስምንት አገሮች ከ15 ሺህ በላይ ካርዶች ታይተው፣ ከ100 ታካሚ 8 ያህሉ በሕክምና መጎዳቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከጉዳቱ 83 በመቶው መከላከል የሚቻል ነበር። እኛ ከጎረቤቶቻችን በምን እንለያለን?

ደግሞ ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። እናት በወሊድ ስትሞት ስም ሳይጠራ፣ ማንም ሳይወቀስ ምክንያቱ እንዲመረመር የሚያዝ አሠራር ካለን ዓመታት አልፈዋል። ያንኑ ሥርዓት፣ ካርድ በማንበብ፣ በሕይወት ለተረፉትም እንዘርጋው። ጤና ሚኒስቴር በጥቂት ሆስፒታሎች ይጀምር። በካርድ የተገኘ ጉዳት ለቅጣትም ሆነ ለሆስፒታል ደረጃ ማውጫ እንደማይውል በጽሑፍ ያረጋግጥልን፤ ድምሩንም በየዓመቱ ለሕዝብ ያውጣ።

አንዲት ነርስ፣ ከአዲስ አበባ