መቻልን ልውሰደው ብልህስ?

ይድረስ ለወንድሜ ለዳኜ፣

ይቅርታ፣ ጠፋሁብህ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ከተዝካሩ በኋላ ስንት ጊዜ ስልኬን አንስቼ መልሼ እንዳስቀመጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አንተን ሳስብ ግቢው ይመጣብኛል፤ ግቢው ሲመጣ እማዬ ትመጣለች። ጥፋቱ የኔ ነው። ስንገናኝ እንደ ልብህ ትሰድበኛለህ። አሁን ግን አንድ ነገር ልለምንህ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እየጻፍኩ የምደልዘው እሱን ነው።

ውሻችንን መቻልን ወደዚህ ላመጣው እፈልጋለሁ።

ይኸው፣ ጻፍኩት።

ቤት ቀየርኩ። የድሮው አከራዬ እንኳን ውሻ ወፍም አይፈቅድም ነበር። አዲሷ ራሷ ሁለት አሏት። «እኔም ውሻ አለኝ፣ አገር ቤት ነው» ስላት «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። እዚህ ጀርመን ውሻ ማዘጋጃ ቤት ተመዝግቦ በየዓመቱ ግብር ይከፈልበታል፣ ታውቃለህ? እማዬ ብትሰማ «ለጩኸቱ ነው?» ትል ነበር።

የሚጠየቀውን ሁሉ አጣርቻለሁ። ሥራው የሚጀምረው ካንተ ስለሆነ ትንሽ ታገሰኝ። ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በእብድ ውሻ በሽታ ላይ ነው። ከእኛ አገር ለሚሄድ ውሻ የአውሮፓ ኅብረት «ተከትቧል» የሚል ወረቀት ብቻ አይበቃውም። ክትባቱ መሥራቱን በደም ምርመራ ማየት ይፈልጋል። አልፈርድባቸውም። አንተ ራስህ የነ ጋሽ ታዬ ውሻ ነክሶህ፣ ሆድህን ይዘህ ፓስተር ለመርፌ ስትመላለስ መች ረሳሁት? ስንት ቀን እንዳለቀስክ ለልጅህ ለሶልያና አልነግራትም፣ አትስጋ።

ሰውን የሚጥለው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ማይክሮ ቺፑ ይገባል። የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት፤ ቆዳው ሥር በመርፌ ትገባለች፣ 15 አሃዝ ቁጥር አላት። ክትባቱ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ወይም በዚያው ቀን ነው። አንተ በየዓመቱ ማስከተብህን አውቃለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ቺፕ ሳይኖረው የተከተበው አይቆጠርም። እዚህ የማውቃት አንዲት ልጅ ክትባቱን አስቀድማ ቺፑን አስከትላ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመረች። ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ስለዚህ በናትህ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ ቺፑን ያስገባ። ቁጥሩን በማንበቢያው አንብቦ፣ ያችኑ ቁጥር የክትባት ደብተሩ ላይ ይጻፍ። አንድ አሃዝ ብትሳሳት አለቀልን። ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ እኔም አያታለሁ።

ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይወሰዳል። ሴረሙ፣ ማለትም የደሙ ውሃማ ክፍል፣ ተለይቶ፣ በበረዶ ታሽጎ ኅብረቱ ወደፈቀደለት ላቦራቶሪ ይላካል። እዚሁ ጀርመን አንድ አግኝቻለሁ፤ ክፍያውም መላኪያውም የኔ ነው። ክትባቱ ደሙ ውስጥ የፈጠረው መከላከያ በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መሆን አለበት። ካለፈ በኋላ ደግሞ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠበቃል። ቀን እየቆጠርኩ ወረቀት ጨርሻለሁ። መስከረም 5 ቺፑና ክትባቱ ቢያልቅ፣ ጥቅምት 5 ደም ይወሰዳል። ሦስት ወሩ ጥር 7 ይሞላል። ጥር 7! ጥምቀትን አብረን ጃን ሜዳ አክብረን መውጣት እንችላለን ማለት ነው።

«እንችላለን» ያልኩት ራሴ ስለምመጣ ነው። ባለቤቱ አብሮት ወይም ከ5 ቀን ባልበለጠ ልዩነት መጓዝ አለበት። የመጨረሻውን የጤና የምስክር ወረቀት የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ማጽደቅ አለበት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ 10 ቀን ሳያልፍ እዚህ መግባት አለብን። ያን ሩጫ ለኔ ተወው።

ሌላው ሳጥኑ ነው። በመስከረም መጨረሻ ወደዚያ የሚመጣ ሰው አለኝ፤ ለሁለት ተፈትቶ የሚገጠም ስለሆነ አስይዘዋለሁ። ልኩን ግን አንተ ስጠኝ። በልብስ ሰፊ ሜትር ከአፍንጫው እስከ ጭራው መነሻ ለካልኝ። ከመሬት እስከ ክርኑ፣ የትከሻውን ስፋት፣ ቆሞ ደግሞ እስከ ጆሮው ጫፍ። ውስጡ ሳይጎብጥ መቆም፣ ዞሮ መተኛት አለበት። ሲደርስህ በረንዳው ላይ አድርገህ በሩን ክፈትለትና ምግቡን እዚያ ውስጥ ስጠው። ቤቱ መስሎት ይልመደው። የሚተኛበትን የእማዬን ጋቢም አንጥፍለት። አትጠበው፤ የሚያረጋጋው ሽታው ነው።

ዳኜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እፈራለሁ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ርችት በተተኮሰ ቁጥር አልጋ ሥር የሚገባ ውሻ ሰባት ሰዓት ገደማ ብቻውን ከአውሮፕላን ሆድ ውስጥ! ክፍሉ እንደ ሰው ክፍል አየሩም ሙቀቱም የተስተካከለ ነው ይላሉ። ማስተኛ መድኃኒት እንዳይሰጠውም ይመክራሉ፤ እዚያ ላይ ትንፋሹን ሊያውክበት ይችላል። ወረቀቱ ጎዶሎ ከሆነ ደግሞ ወደ መጣበት ይመለሳል፣ ወይም ለብቻው ይታገታል፣ ሁለቱም ካልሆነ እንዲሞት ይደረጋል ይላል ሕጉ። የመጨረሻዋን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። በቁጥሯ እንዲህ የምነዘንዝህ ለዚህ ነው።

እና ደግሞ... ይሄን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

በፋሲካ ጊዜ ባለቤትህ የለጠፈችውን ፎቶ አይቻለሁ። ሶልያና ጭንቅላቷን ሆዱ ላይ አድርጋ ተኝታለች፣ እሱ ዓይኑን ገርበብ አድርጓል። ከማን ጋር እንዲህ እንደሚተኛ አንተም ታውቃለህ። ያኔ «እስክረጋጋ ያዝልኝ» ብዬህ ነው የሄድኩት፤ መመለሻውን አልነገርኩህም፣ አንተም አልጠየቅከኝም። ያበላኸው አንተ ነህ፣ ሲታመም ሌሊት የተሸከምከው አንተ ነህ። የቡና ደጋፊ ሆነህ በሰፈሩ መሐል «መቻል! መቻል!» እያልክ የተጣራኸውም አንተ ነህ፤ ይሄ ብቻውን ትልቅ ውለታ ነው። እማዬ ስሙን ስታወጣለት መቻል ስለሚባለው የኳስ ክለብ መች አስባ።

ስለዚህ የኔ ነው ብዬ አልጽፍልህም። ናፍቆኛል ግን። በጣም ናፍቆኛል። ከእሷ እጅ የበላ፣ ድምፅዋን የሚያውቅ ሌላ ማን ቀረኝ?

እምቢ ካልከኝ አልቀየምህም። እምቢ ብትልም ለጥምቀት እመጣለሁ፣ ቲኬቱን ቆርጫለሁ። ዝም ብቻ አትበለኝ፤ የዝምታውን ድርሻ እኔ ጨርሼዋለሁ።

ሐኪም ቤት ከመውሰድህ በፊት ሶልያናን ጠይቃት። ምን እንዳለችህ ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍልኝ።

ወንድምህ ብሩክ
ፍራንክፈርት፣ ነሐሴ 20