ማር ስትገዙ ለክታችሁ ግዙ፣ እኛም ሳይታሸግ አንቁረጥ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ በሰቃ መንገድ በኩል የምኖር ንብ አናቢ ነኝ፣ ባለቤቴ ቡናው ላይ ነው ንቡ ግን የኔ ስራ ነው፣ 11 ዘመናዊ ቀፎ አለኝ ከዛ ሌላ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ 5 ባህላዊ ቀፎዎች አሉ እነሱ የአማቴ የነበሩ ናቸው። ቅዳሜ ለታ የመጨረሻውን ማር ቆርጬ የዘንድሮን ስራ ዘጋሁ፣ እጄ ገና ሰም ሰም እየሸተተ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ምክንያቱም አንድ ነገር ካምና ጀምሮ ሆዴ ውስጥ አለ እና ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።

ነገሩ እርጥብ ማር ነው። ማለቴ ሳይደርስ የሚቆረጥ ማር።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ንብ ከአበባ የምታመጣው ፈሳሽ አብዛኛው ውሃ ነው፣ እሱን እየተቀባበሉ የማር እንጀራው ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጡትና ሌሊቱን ሙሉ በክንፋቸው እያራገቡ ውሃውን ያተኑታል፣ ማታ ቀፎው ጋ ጠጋ ብትሉ ድምጹ ይሰማል እኮ፣ ሽታውም ግቢውን ያውደዋል። ውሃው እየቀነሰ ሄዶ ከ20 ፐርሰንት በታች ሲወርድ ነው በሰም ክዳን የሚያሽጉት። ክዳን ያለው ደርሷል፣ ክዳን የሌለው ገና ነው፣ በቃ። እኛ ፍሬሙን፣ ማለት ማር እንጀራው የሚሰራበትን የእንጨት ማዕቀፍ፣ አውጥተን አግድም ይዘን ነቅነቅ እናደርገዋለን፣ ጠብ ጠብ ካለ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከአራት እጅ ሦስቱ ካልታሸገ ባይነካ ነው የሚሻለው። ይሄን ማንም ንብ አናቢ ያውቀዋል፣ ባህላዊ ቀፎ የሚሰቅሉት ሽማግሌዎችም ከኛ በፊት ያውቁታል።

ታዲያ እያወቅን ለምን እንቆርጣለን? የኔን ልንገራችሁ።

እዚህ አካባቢ ትልቁ ማር ገተማ ከሚባለው ዛፍ አበባ የሚገኘው ነው፣ ነጩ ማር ማለት ነው፣ የሚቆረጠው ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ነው፣ ከሱ ኋላ ደግሞ የብሳና ይመጣል። የብሳናው ጊዜ ከዝናቡ ጋር ይጋጫል። አምና በዚሁ ሰሞን አንድ ነጋዴ በአይሱዙ መጣና "ዛሬ ከሰጠሽኝ እወስዳለሁ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ግን በዚህ ዋጋ አልመጣም" አለኝ። ሦስቱ ቀፎዬ ግማሹ ብቻ ነበር የታሸገው። ለልጆች የሚከፈል ነበረብኝ፣ ዝናቡም እየጠነከረ ነው መንገዱም ሊበላሽ ነው ብዬ ፈራሁ፣ እና ቆረጥኩት። ሲጠለል ቀጠን ብሎ እንደ ዘይት ሲወርድ እያየሁት ነው የሞላሁት። ሁለት ጀሪካን ወሰደልኝ፣ አንድ ባልዲ ለቤትና ለጎረቤት አስቀረሁ።

ሦስት ሳምንት አልሞላውም። አንድ ጠዋት ጎረቤቴ መጣች፣ ልጇ ወልዳ አራስ ቤት ነበረች እና 4 ኪሎ ከኔ ገዝታ ነበር ለአራሷ ገንፎ ብላ። እቃውን ይዛ ቆመች። "እትዬ፣ አትቆጪኝ፣ ማሩ እየፈላ ነው" አለችኝ። ክዳኑን ስከፍተው ጭስስ ብሎ ተነፈሰ፣ አናቱ ላይ ነጭ አረፋ ሞልቷል፣ ሽታው ጠጅ ጠጅ ይላል። የኔንም ባልዲ ሄጄ አየሁት ክዳኑ ተነፍቶ ነበር። ገንዘቧን መለስኩላት፣ እሷ ምንም ክፉ አልተናገረችኝም፣ እኔ ግን ለአራስ እንዲህ አይነት ነገር መስጠቴን እስካሁን አልረሳውም። ማር ውስጥ ውሃ ሲበዛ እርሾው ይነሳል፣ የሆነው ይሄው ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም።

ከዛ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ያ ነጋዴ የኔን እርጥብ ማርና ከታች ሰፈር ከአንዲት ሴትዮ የገዛውን በደንብ የታሸገ የገተማ ነጭ ማር አንድ በርሜል ውስጥ ነው የገለበጠው፣ አይኔ እያየ፣ የከፈለውም አንድ ዋጋ ነው። ያቺ ሴትዮ አንድ ወር ሙሉ ጠብቃ እስኪታሸግ ታግሳ የቆረጠችው ከኔ ከቸኮልኩት ምንም ብልጫ አላገኘችም። እንዲህ ከሆነ ማን ይጠብቃል? እውነቴን ነው፣ በሚቀጥለው አመት እሷም ትቸኩላለች።

ለምን እንደዚህ ሆነ ብዬ ሳስበው ምክንያቱ ይገባኛል። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ ነች ይባላል ነውም፣ ግን አብዛኛው ማር የሚሄደው ጠጅ ቤት ነው። ለጠጅ ደግሞ ማሩ ቀጠነ ወፈረ ያን ያህል ለውጥ የለውም፣ ለማንኛውም ውሃ ይጨመርበታል፣ ከነሰፈፉ ከነእጩም ቢሆን ይገዛል። ጠጅን መስደቤ አይደለም፣ ጠጅ ባይኖር የብዙዎቻችን ማር ገበያ አያገኝም ነበር። ግን የገበያው ልማድ ከዛ መጥቶ ለገበታ የሚሆነውም ማር በዛው አይን ነው የሚታየው። ከ2008 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ህብረት ማር መላክ ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች፣ ለውጭ የሚሆን ማር ደግሞ ውሃው ከ20 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ነው የሚጠየቀው። ታዲያ ገበሬው በር ላይ ካልተለካ ከበርሜል በኋላ ቢለካ ምን ይረባል፣ አንዴ ተቀላቅሏል እኮ።

የእህቴ ልጅ ካናዳ ኩቤክ ነው ያለው፣ በቀደም ቪዲዮ ላከልኝ። እዛ ሜፕል የሚባል ዛፍ አለ፣ ክረምታቸው ሊያልቅ ሲል ሌሊት ውርጭ ቀን ደግሞ ሞቅ ሲል ዛፉን በስተው ቧንቧ ያስገቡና ፈሳሽ ይቀዳሉ፣ እንደ ውሃ ነው የሚመስለው ገና ሲወጣ። 40 ሊትር ያህል አፍልተው 1 ሊትር ሽሮፕ ነው የሚያገኙት፣ እንጨቱን እሳቱን አስቡት። ስኳሩ ወደ 66 ፐርሰንት እስኪደርስ በመለኪያ እያዩ ያፈሉታል፣ ከዛ ካነሰ እንደኛው ማር ይበላሻል አለኝ። ቀለሙን ደግሞ ከወርቃማ እስከ ጥቁር ለይተው እቃው ላይ ይጽፉታል። ያስገረመኝ መጨረሻው ነው፣ ዛፉ ሊያቆጠቁጥ እምቡጡ ማበጥ ሲጀምር ፈሳሹ ጣዕሙ ይቀየራል፣ ያኔ ቧንቧውን ነቅለው እቃቸውን አጥበው ስራቸውን ይዘጋሉ፣ ዛፉ ገና እየፈሰሰ ቢሆንም። የእህቴ ልጅ ቅዳሜና እሁድ እየሄደ ያግዛቸዋል። "አክስቴ፣ የናንተን ማርስ ማን ይለካዋል?" አለኝ። ማንም አልኩት። ሌላ ምን ልበለው።

መለኪያው እኮ ሪፍራክቶሜትር ይባላል፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ ነገር ናት፣ መስታወቷ ላይ አንድ ጠብታ ማር አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ስታዩ መስመሩ የት እንዳረፈ አይታችሁ የውሃውን መጠን ታነባላችሁ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አንዴ ስልጠና ላይ አይቻታለሁ። ሚዛን ሳይዝ ማር ሊገዛ የሚመጣ ነጋዴ የለም፣ ይቺን ግን አንዱም ይዞ አያውቅም። የምጠይቀው ይሄን ነው፣ ገዢዎች መለኪያ ይዛችሁ ኑ፣ ለደረሰው ማር አንድ ዋጋ ለእርጥቡ ሌላ ዋጋ በሉ፣ በርሜሉንም ለዩ። የኔ እርጥብ ከሆነ ቀንሱብኝ፣ አልቀየማችሁም። ማህበር ያላቸው ሰዎችም ለአንድ ቀበሌ አንዲት መለኪያ ቢገዙ በዙር ይጠቀሙባታል።

በነገራችን ላይ ከተማ ላይ ማር የምትገዙ ሰዎችም አንድ ነገር እወቁልኝ። ነጩ ማር ሲቆይ ይረጋል፣ እንደ ቅቤ ይሆናል፣ ይሄን አይታችሁ "ስኳር ተጨምሮበታል" ብላችሁ አትመልሱ። ሂርማታ ገበያ ላይ በዚህ ምክንያት ስንት ሴት ስትሰደብ አይቻለሁ። የማር መርጋት የተፈጥሮው ነው፣ እቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ብታስቀምጡት መልሶ ይፈታል። መጠራጠር ያለባችሁ የሚያረፋውንና እላዩ ላይ ውሃ የሚያቆረውን ነው።

ዘንድሮ እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ ያልታሸገውን ፍሬም በሙሉ ለንቦቹ ተውኩት። ይሄን ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። አምና ክረምት ሁለት ቀፎ ንብ ኮብልሎብኝ ሳለቅስ አይተው "ልጄ፣ ቤቷን አራቁተሽ በዝናብ ምን ትብላ ብለሽ ነው፣ እኔም ብሆን እሄዳለሁ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ንቧን አያስወጣትም፣ ብትወጣም አበባ የለም። አምና ያንን ሁሉ ማር ወስጄ በኋላ ስኳር እየበጠበጥኩ በሶ እየነሰነስኩ ስቀልባቸው ነበር፣ የስኳሩን ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ካልታሸገው ማር ያገኘሁት ብር በሁለት ወር ስኳር ላይ አለቀ፣ ሁለቱ ቀፎም ባዶ ቀረ።

አሁን ሁሉም ዘመናዊ ቀፎ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሦስት ፍሬም ማር አለ። የቀፎዎቹን መግቢያ አጥብቤአለሁ፣ ክዳናቸው ላይ ቆርቆሮ ጭኜ ድንጋይ አስቀምጫለሁ፣ ለጉንዳን እግራቸው ስር አመድ ነስንሻለሁ፣ ዝናብ ሲያጥበው እየደጋገምኩ እጨምራለሁ። ማር መጭመቂያውን ማሽን በሙቅ ውሃ አጥቤ ፀሐይ ላይ ገልብጬዋለሁ፣ ባዶዎቹን ፍሬሞች ብል እንዳይበላቸው አየር በሚያገኝ ቦታ አራርቄ ሰቅያለሁ። ሰሙን በጆንያ ጠቅልዬ ቀቅዬ አጥልዬ ሁለት ጋን አናት የሚያህል አውጥቻለሁ፣ ለጧፍ የሚገዙኝ ሰዎች አሉ።

ማሩ ከአምናው ያንሳል፣ አምና ወደ 150 ኪሎ ነበር ዘንድሮ 118 ነው። ግን አንድም ፍሬም ሲነቀነቅ አልተንጠባጠበም። ባልዲዎቹን አልጋዬ ስር ደርድሬ በየቀኑ ክዳናቸውን በእጄ እዳስሳለሁ፣ እስካሁን አንዱም አልተነፋም። ለዛች ለጎረቤቴ ቀድሜ 4 ኪሎ ቀድቼ ወስጄላታለሁ፣ ብር ልክፈል ስትለኝ አልተቀበልኩም።

ያ ነጋዴ ትናንት ደውሎ ነበር፣ ሰኞ እመጣለሁ አለኝ። መለኪያ ይዘህ ና ብዬዋለሁ።

ንብ አናቢዋ፣
ከጅማ